አስራ አንዱ ባዶ አልጋ

መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጡረታ ማለት በእኛ አገር «እሷ ሥራ የላትም፣ ለእሷ ስጧት» ማለት ነው። የቀበሌው ስብሰባ ለእኔ፣ የአስታርቁን ሽምግልና ለእኔ፣ የጽዋ ማኅበሩ ጣጣ ለእኔ። በመጨረሻ ደግሞ የውጭ አገር ቦርድ አባል ሆንኩላችሁ! እህቴ ይህን ስትሰማ «ደመወዙ ስንት ነው?» አለችኝ። «የለውም» አልኳት። «ታዲያ ምን አንገበገበሽ?» አለች።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ባሕር ማዶ አምስት ሰዎች አሉ፤ እዚህ ደግሞ እኔና አባ የምንላቸው አንድ አዛውንት ቄስ። ሰባታችንም ሳንቲም ሳይከፈለን ነው የምንሠራው። ሰብሳቢያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቀድሞ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ከሌሎቹ መካከል ዕድሜ ልኩን ፋብሪካ ሲቆጣጠር የኖረ ሰውዬ አለ፤ እኔ በሆዴ «ተቆጣጣሪው» እለዋለሁ። የምናስተዳድረው ሞላሌ ውስጥ ያለ አንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ቤት ነው። ከጓሳው ደጋ ጥግ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ ልጆች እዚያ እያደሩ ሁለተኛ ደረጃ ይማራሉ። ስንቃቸውንና ሌሊት የሚለብሱት ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ አንድ ባና ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ቤቱና አሳዳሪዋ ሴትዮ የእኛ ናቸው።

ስብሰባው በስልክ ነው፣ ፊት ለፊት እየተያየን። ታዲያ ኔትወርክ እንደ ልብ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እኔ ስልኩን እይዛለሁ፣ አባ ነፋሱን በጃንጥላቸው ይመክታሉ። ባሕር ማዶ ያሉት ሞቅ ካለ ክፍላቸው ሆነው «ለምን እንደዚያ ትንቀጠቀጣላችሁ?» ይሉን ነበር። እኛም ስቀን እናልፈዋለን።

አምና በጥቅምት ተቆጣጣሪው በራሱ ወጪ ቤቱን ሊያይ መጣ። ይዤው ዞርኩ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት አልጋ ተደርድሯል፤ የአስራ አንዱ ፍራሽ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም፣ አቧራ ለብሷል። «በእነዚህ ላይ የሚተኛው ማን ነው?» አለኝ። አሳዳሪዋን ጠየቅኋት። የተላከ ስጦታ ሳይነካ በመገኘቱ አፍራ፣ መሬት መሬት እያየች «ማንም» አለች። እኔ የተማርኩት፣ እኔ አዋቂዋ ምን አደረግሁ? «ማንም» ብዬ ተረጎምኩለትና አዲሱን ሽንት ቤት ላሳየው ይዤው ወጣሁ።

እንግዲህ የመንዝ ሰው ቢሆን ማን ይጠይቃል? እዚህ አገር ብቻውን የሚተኛ ማን አለ! ሁለት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ሁለት ባና ይደርባሉ፤ ለየብቻ ከተኙ አንድ አንድ ብቻ ይቀራቸዋል፣ ሲንዘፈዘፉ ያድራሉ። ይህን እናት አታስተምርም፣ ብርዱ ራሱ ያስተምራል። ለእኔ ከመልመዴ የተነሣ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪው ለቦርዱ የጻፈው ወረቀት መጣ። «ቤቱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው» ይላል። «በመዝገቡ ላይ ያሉት ልጆች ቁጥርና የሚተኛባቸው አልጋዎች ቁጥር አይገጥምም። ቤቱ ተዘግቶ ድጋፉ ወደ ሌላ አገር እንዲዞር በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት።» ወይ ጉድ! ቃሉ ትሕትና የተሞላ ነው፤ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ሲፈታ ግን «የሌሉ ልጆች ስም ጽፈሻል» ማለት ነው። እሳት ጎረስኩ፣ እሳት ለበስኩ። ሠላሳ ዓመት ለአንድ ልጅ እንኳ የማይገባውን ነጥብ ሰጥቼ የማላውቅ ሴት!

ንዴቴ በረድ ሲል ግን ትዝ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከመንደሯ እዚያ የደረሰች ሴት እሷ ብቻ ናት። አባቷ ገበያ ላይ አግኝተውኝ «ቤቱ እስካለ ትማር፣ እኔ ቃሌን አላጥፍም። ከሌለ ግን ለትዳር የሚጠይቋት ሰዎች በር ላይ ናቸው» ብለውኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ከተማ ላይ የትም ጥለው እንዲሄዱ ግን አልጠብቅባቸውም።

ወረቀቱን ይዤ አባ ዘንድ ሄድኩ። አንብቤላቸው ስጨርስ ቆባቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። አንቺ ልጅ፣ መናገሪያው ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ታስጎበኚ ነበር» አሉኝ። ስድሳ ዓመቴ ነው፣ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

በስብሰባው ቀን ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት። ተቆጣጣሪው በጥሞና ሰምቶ «ታዲያ ለምን አልጋ ጠየቃችሁ?» አለ። «መቼ ጠየቅን! ለአንድ ልጅ አንድ አልጋ የሚል ደንብ አላችሁና ላካችሁልን፤ የእንግዳ ስጦታ አይመለስም፣ ተቀበልን» አልኩት። እሱም «እኔ በመጣሁ ጊዜ ይህን ያህል ብርድ አላየሁም» አለኝ። ያኔ ደሜ ፈላ። «ቀትር ላይ መጥተህ፣ ደብረ ብርሃን ሆቴል አድረህ፣ ስለ መንዝ ብርድ ልትነግረኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ። አባ ጃንጥላውን በቀስታ ጎኔ ላይ ነካ አደረጉ። ሰብሳቢዋ እጃቸውን አንሥተው «ድምፁ ይቆይ። እኔው መጥቼ አድሬ አየዋለሁ» አሉ።

ኅዳር ላይ መጡ፣ ከዘራ ይዘው። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ነጭ የሚያደርግበት ወቅት ነው። ካልተነኩት አልጋዎች አንዱን መረጡና የበረዶ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ገብተው የሚተኙበትን ከረጢት ዘረጉበት። «ይህ አይበቃኝም?» አሉኝ። «ይበቃዎታል እንጂ» ብዬ ቤቴ ሄድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተንኮል ነበረበት።

ጠዋት ስመለስ አልጋቸው ባዶ ነው። ደንግጬ ወደ አሳዳሪዋ ጓዳ ዞር ስል፣ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ናቸው! ያ ከረጢት ዚፑ ተከፍቶ ከባናው በላይ ለሁለቱም ተደርቧል። ሰብሳቢያችን ሽበታቸው ብቻ ከላይ ብቅ ብሎ፣ ከገብስ የተሠራ አጥሚት እየጠጡ ነው። «ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምታ እሷ ናት የጠራችኝ፤ ቋንቋ አላስፈለገንም» አሉኝ። ከዚያ በር ላይ ቆመው ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረጉ። ሃያ ሁለት።

ሰብሳቢዋ አገራቸው ገብተው ስብሰባው ሲጠራ እኔና አባ ከሰዓቱ ቀድመን ጉብታው ላይ ቆምን። እሳቸው ያዩትን ተናገሩ። ቀጥሎ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አስተካክሎ «ቤቱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው ያልኩት...» ብሎ ሲጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ስልኩን ወደ ሰማይ ብሰቅለው፣ ወደ አጥሩ ባስጠጋው እምቢ አለ። አባ «ጸልዪ» አሉኝ። «እርስዎ ይጸልዩ፣ የእርስዎ ሥራ ነው» አልኳቸው፤ እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም።

ሲመለስ ተቆጣጣሪው ገና እየተናገረ ነው። «እንግዲህ ተሳስቻለሁ። መዝገቡ እውነት ነው፣ አባላችንንም ያለ ጥፋቷ ጠርጥሬያታለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቤቱ ይዘጋ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ነገር ግን ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ሃያ ሁለት ልጆች አስራ አንድ አልጋ ከበቃቸው፣ የቀረው አስራ አንድ አልጋ ሌላ ሃያ ሁለት ይይዛል። ለመጪው መስከረም እንቀበላቸው።» ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔ የአገሬው ልጅ፣ እነዚያን አልጋዎች ዓመት ሙሉ ሳያቸው፣ ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም ነበር።

አምስቱም እዚያ እጃቸውን አወጡ። አባ መስቀል የያዘ እጃቸውን አነሡ። የእኔ ሁለቱም እጆች ስልኩን ይዘዋል፤ ደረቴ ግን አልችል አለኝና እልልል አልኩ። ተቆጣጣሪው ደንግጦ «ይህ ምን ድምፅ ነው?» አለ። ሰብሳቢዋ «ድምፅ መስጠቷ ነው፣ ሰባት ብለህ ጻፍ» አሉት።

ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረድኩት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ያቺ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የስብሰባውን ቀን ሰምታ ኖሯል፤ ባናዋንና ደብተሮቿን በገመድ አስራ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። ፊቴን አየችው። «ፍቺው» አልኳት። ገመዱን ፈትታ አንዱን ደብተር መዘዘችና «እትዬ፣ ነገ የሂሳብ ፈተና አለብኝ» ብላኝ ወደ ውስጥ ገባች።