ለአንድ ሰው ሻይ

ከልደታ፣ ከጌጃ ሰፈር የወጣሁ ምሽት ሻንጣዬን በእጄ እንኳ አልነካሁትም። ጎረቤት እየተናጠቀ እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ። እማዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ልጄ፣ ሰው አያሳጣሽ» ብላ መረቀችኝ።

ይኸው ጀርመን ከገባሁ ስንት ዓመቴ! ምርቃቱን ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ በረዶ አንሸራትቶ ጣለኝና ዳሌዬ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስወጣ በቀጥታ «ሪሃ» ወደሚሉት ቦታ ወሰዱኝ፤ እዚያው እየተኛችሁ እንደገና መራመድና ራሳችሁን መቻል የምትለማመዱበት ነው። እኛ ልደታ ብትታመሙ አንዱ ደግፎ፣ ሌላው አጉርሶ፣ ጣታችሁን አታነሱም። እዚህ እኔ ከካልሲዬ ጋር ስታገል ነርሷ እጇን አጣምራ ታየኛለች።

«ይርዱኝ እንጂ!» ስላት፣

«እየረዳሁዎት እኮ ነው» አትለኝ መሰላችሁ!

ከመውጣቴ በፊት ፈተና ነበረብኝ። ብቻዬን መኖር መቻሌን ካላሳየሁ መጦሪያ ቤት ልገባ ነው። ያችን አንድ ክፍል ያገኘሁት ስንት አከራይ ደጅ ጠንቼ ነው፤ እሷን የምነጠቀው ሞቼ ነው ቆሜ!

ወጥ ቤት አስገቡኝ። ፈታኟ ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ታካሚ አለች።

«ፍራው ገብሬ» አለችኝ ፈታኟ፣ «ወይዘሮ» ማለቷ ነው፤ እዚህ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። «ለራስዎ አንድ ሻይ ያፍሉ።»

ምርኩዜን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ጠረጴዛውን እየተደገፍኩ አፈላሁ። ሦስት ኩባያ ደረደርኩ።

«ለራስዎ ብቻ ነው ያልኩት። ረሱት?»

«አልረሳሁም። ታዲያ እናንተ እያያችሁኝ ብቻዬን ልጠጣ?»

«ሁለቱን ይመልሱና ይድገሙት።»

ፈራሁ። ቤቴ ያለው በዚች ሴት እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነው። ግን ያፈላሁትን ሻይ ከሰው ፊት ላነሳ?

«አልመልስም» አልኳት። «ሦስት ማቅረብ ከአንድ ይከብዳል፤ እሱን ይጻፉልኝ!»

እየተመላለስኩ አንድ በአንድ አቀረብኩ፤ ጠብ ያለ የለም። አሮጊቷ ፉት አለችና ስኳር ጨምሪልኝ አለችኝ። ፈታኟ ጻፈች፣ ጻፈች፣ በመጨረሻ «ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ» አለችኝ። ሻይዋንም ጠጣች።

ቤቴ የገባሁ ዕለት ለእማዬ ደወልኩ። መሰበሬን አልነገርኳትም፤ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሻይ እያፈላሁ።»

«ከማን ጋር ልትጠጪ?»

ሁለት ኩባያ አውጥቻለሁ፤ ልማድ ነው። ስልኩን ሁለተኛው ኩባያ ላይ አስደግፌ አቆምኩት።

«ከአንቺ ጋር። እማዬ፣ እንዳትዘጊው።»