ጥቁርም ነጭም ያልሆኑት አውራሪሶች

በስሜን ተራሮች ዋልያ መጠበቅ በጀመርሁ በስድስተኛው ዓመት ለስልጠና ኬንያ ተላክሁ። የደባርቅን ብርድ ለምጄ ሁለት ጋቢ ይዤ ነበር፤ እዚያ ስደርስ በላብ ተጠመቅሁ።

የተመደብሁት ከአንድ ሽማግሌ ጠባቂ ጋር ነው፤ ጠጉራቸው በዚያው ሥራ ላይ የሸበተ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ የሚግጡ ሦስት አውራሪሶች አሳዩኝ።

«ነጮቹ እነዚህ ናቸው» አሉኝ።

ባያቸው ባያቸው ዳለቻ ናቸው። «ንጣታቸው የቱ ጋ ነው?» አልኋቸው።

ሳቁ። «ጥቁሩም ያው ነው። ቀለሙን ተዪና አፋቸውን እዪ።»

እውነትም የነጩ አፍ ሰፊ ነው፤ ሣሩን እንደ በሬ ይግጣል። የጥቁሩ የላይኛው ከንፈር ግን እንደ ጣት ሾጥጦ ከእሾህ መካከል ቅጠል ይለቅማል። ነጯ ልጇን ከፊቷ ታስቀድማለች፤ ጥቁሯ ከኋላዋ ታስከትላለች።

ጥቁር አውራሪስ ከነልጇ ያገኘነው በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ሽማግሌው አመድ የያዘች ትንሽ ከረጢት አውጥተው አራገፏት፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ በብናኙ ያያሉ። የአውራሪስ ዓይን ደካማ ነው፤ ሽታ ግን አያመልጠውም። ቁጥቋጦ ተጠግተን ልጇ ሲጠባ እያየን ሳለ ነፋሱ ዞረ። እናትየው ቀና አለች። ከዚያ ያ ሁሉ ገላ ምድሩን እየደለቀ ወደ እኛ መጣ። ልሮጥ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። ጠመንጃቸውን አልነኩም። በቋንቋቸው፣ በለሆሳስ፣ አንድ ነገር አሏት። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። አየሩን አሽትታ አሽትታ ወደ ልጇ ተመለሰች።

«ምን አሏት?» አልሁ።

«‹እኔ ነኝ ልጄ› ነው ያልኋት።»

እናቷን አዳኞች ሲገድሉባት፣ እሷን ከሬሳው አጠገብ አንስተው በጡጦ ያሳደጓት እሳቸው ኖረዋል።

ስመለስ ዳባት ላይ ከአውቶብስ ወርጄ ቄስ ከሆኑት አጎቴ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የአያታቸው ጎራዴ ተሰቅሏል፤ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። ልጅ ሳለሁ በጓደኞቼ ፊት የምኮራበት እሱ ነበር። የሽማግሌውን ነገር ስተርክላቸው አጎቴ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

«እናቷንስ ለምን ገደሏት?» አሉ።

«ለቀንዷ ነው ጋሼ። እሱን ቆርጠው ሌላውን ጥለውት ሄዱ።»

ቀና ብለው ጎራዴውን አዩት።

«ይኸኛውም ቀንድ የእናት ነበር ይሆን?» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሰውየው ስም ማነው?»

ነገርኋቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ አፋቸው አልገባ አለ።

«ግድ የለም፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ‹የኬንያው ሽማግሌ› ብዬ አነሳቸዋለሁ» አሉ። «እግዜር ያውቃቸዋል።»