ጋሽ ቱሉ ያልጠገኗት ፒካፕ

ባለፈው መስከረም ከመቂ ሽንኩርት ጭና ወደ ናዝሬት በምትመለስ ፒካፕ ጋቢና ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ ልጅ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን በለቀቀ ቁጥር ከወለሉ ሥር "ቋ" የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። ነዳጅ ሲረግጥ ቋ፣ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ቋ። ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ሸፈነው። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ፤ ሳላውቀው የበሩን እጀታ ጨምድጄ ይዤ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያ ድምፅ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድምሽን ቀስቅሺው፣ ይሩጥ።

ጋሽ ቱሉ ጎረቤታችን የነበሩ መካኒክ ናቸው። ግቢያቸውን ከኛ የሚለየው የዛገ የቆርቆሮ አጥር ነው። የአርሲዋ ደራ ልጅ ነኝ ይላሉ፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ቱታቸው በግራሶ ብዛት ቀለሙ ጠፍቶ ያብረቀርቃል፤ ሲያቅፉኝ የናፍታና የላይፍቦይ ሳሙና ሽታቸው ልብሴ ላይ ይቀራል። ጴንጤ ነበሩ። የጸሎት ቤታቸው በደርግ ስለታሸገ መዝሙራቸውን መኪና ሥር ተኝተው ያንጎራጉራሉ። እናቴ ሃይማኖታቸውን አትወድላቸውም፤ "ሰውዬው ግን አይዋሽም" ትላለች፣ ቅር እያላት። ይህ ለአንድ መካኒክ ትንሽ ነገር አልነበረም። በትንሽ ነገር ለመጣ መኪና የማርሽ ሳጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ ካላወረድኩ የሚል መካኒክ ከተማውን ሞልቶታል።

የታመመ መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ አይነኩትም። ፒካፕ ከሆነ ሾፌሩን "ንዳ" ይሉና ራሳቸው ከኋላ፣ የጭነቱ ቦታ ላይ፣ በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ጆሯቸውን ላሜራው ላይ አጣብቀው። በአሰላ መንገድ እንዲያ ተኝተው ሲያልፉ አስከሬን መስሎት ባርኔጣውን ያወለቀ ሰው ነበር እየተባለ ተቀልዷል። ሲመለሱ ግማሽ ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኖ ለሾፌሩ ያስረዳሉ፣ እኔም ከአጥሩ ሥር ሆኜ እማራለሁ። ነዳጅ ሲረገጥ የሚያለቅስ፣ ሲለቀቅ ዝም የሚል ዲፈረንሻል ነው። ቢረገጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ ጉምጉምታ ኩሽኔታ ነው። መነሻ ላይ ቋ ካለ ግን ክሮቼራ ነው፤ ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል ያለውን ዘንግ የምታያይዘው ትንሿ የመስቀል ብረት። ክሮቼራ በአንድ ሰዓት ይለወጣል፣ ይሉ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ዓመት ወንድሜ ደረጀ ቤት ነበር። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሄዶ አሰላ አጎታችን ዘንድ ሲማር ኖሮ ማትሪክ ወድቆ መጣ። የወደቀን ወጣት የሚጠብቀው የታወቀ ነው፤ አፈሳ። የሰሜኑ ጦርነት የሰው ልጅ አይጠግብም ነበር። አፋሾቹ ወደኛ ሰፈር የሚመጡት በአንዲት አመድማ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒካፕ ነው። ደግነቱ ያቺ ፒካፕ ድምፅ ነበራት። በአሸዋማው መንገዳችን ቀስ እያለች ስትመጣ ገና ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳለች ቋ፣ ቋ ስትል እንሰማታለን። ደረጀ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ በጓሮ አጥር ይዘላል። እሱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ይተናል።

አንድ ቀን ያቺው ፒካፕ ጋሽ ቱሉ ግቢ ገብታ ቆመች። የአፈሳው አለቃ የፒካፗ ድምፅ ሰልችቶታል። ጋሽ ቱሉ እንደ ልማዳቸው ተጋድመው ሄዱ፣ ተመለሱ። ቶሎ ግን አልወረዱም። የጭነቱ ቦታ ላይ እንደተቀመጡ ወደኛ ቤት ተመለከቱ። ከዚያ ወርደው የፊተኛው ዲፈረንሻል ጥርሱ አልቋል፣ ዕቃው አገር ውስጥ የለም፣ እስኪመጣ እንዲሁ ትሂድ አሉ። ስኳር እንኳ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ዕቃ የለም ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ፒካፗ እንደወጣች በቀዳዳው ጠራኋቸው። "ጋሽ ቱሉ፣ ክሮቼራ ነው እኮ። መነሻ ላይ ነው ቋ የምትለው።"

መጥተው ቁጢጥ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ልክ ነሽ፣ ኢንታላ ኮ። አሁን ግን ለማንም አትንገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።"

ከዚያ ቀን በኋላ መኪና ሥር መዝሙር ሰምቼ አላውቅም። ፒካፗ ባለፈች ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ያዳምጧታል። ዛሬ ሲገባኝ ፍርሃታቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው እንዳይታወቅባቸው፣ ሌላው ክሮቼራው ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ የተጫኑትን ልጆች እንዳይፈጅ።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ሊያልቅ ደረሰ። የአፋሾቹ ሾፌር ለሥራ ሞጆ በሄደበት ፒካፗን ለሌላ መካኒክ አሳያት። ያ ሰው ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ፒካፗ ክሮቼራዋ ተለውጦ፣ ድምፅ አልባ ሆና ተመለሰች። ደረጀ መስተዋቱን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ጢሙን እየተላጨ ነበር። አንድ ጉንጩ ላይ ሳሙናው እንዳለ ወሰዱት። እናቴ ፎጣውን ይዛ እስከ አስፋልቱ ሮጠች።

በሳምንቱ አለቃው ጋሽ ቱሉ ግቢ መጣ፣ ሰፈሩም ተሰበሰበ። ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስበላል። ሾፌሩ ጋሽ ቱሉን ይወዳቸው ስለነበር መውጫ አበጀላቸው፤ መካኒክም ሰው ነው፣ ይሳሳታል አለ። አለቃውም ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ የሚጠላ አይመስልም። ተሳስተው እንደሆነ ወይ አውቀው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሚስታቸው በሩ ላይ ቆማ ተሳሳትኩ በላቸው እያለች ታለቅሳለች። እኔም በሆዴ ይዋሹ፣ ይዋሹ እላለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገው።

ጋሽ ቱሉ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "አውቄ ነው" አሉ። በዚያው ወሰዷቸው።

ለኛ ሰፈር ልጆች ዋሽተው ለራሳቸው መዋሸት አቃታቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እሳቸውም ልጆች ነበሯቸው።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩ በከተማችን አለፈ። እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ያለፈውን ሁሉ ስለ ደረጀ ጠየቀች። አየሁት ያላት የለም። እስር ቤቱም ተከፍቶ ጋሽ ቱሉ መጡ፤ ቤታቸው ሳይገቡ የኛን በር አንኳኩ። ከመክሳታቸው የተነሳ በድምፃቸው ነው የለየናቸው።

"እትዬ የሺ፣ ያቺን ፒካፕ እንደተበላሸች ላቆያት አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ።"

እናቴ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ደረጀ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። "ደረጀ ያን ሁሉ ወር ከእጄ በላ፣ አቶ ቱሉ። ማን የሰጠኝ ይመስልዎታል?"

ጋሽ ቱሉ ካረፉ ቆይተዋል፤ ደረጀም አልተመለሰም። ደረጀ ግቢያችን ውስጥ የብስክሌቷን ኮርቻ ይዞ ሲያስሮጠኝ፣ ማባዛት ተሳስቼ በእርሳስ ራሴን መታ ሲያደርገኝ፣ የፓፓያ ፍሬ በአፉ አስፈንጥሮ ዶሮዎቹን ሲያስደነግጥ፣ ሲስቅ ድዱ ሲታይ። ከወንድሜ ያለኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሁሉም የዚያ ዓመት ነው።