የቀይዋ ሞተር ስርጉድ

ላስታ የተመደብኩት ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ገበሬው ግን «የከብት ሐኪም» እያለ ማዕረጌን ከፍ ስላደረገልኝ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ማረም ሞክሬ በኋላ ተውኩት። ሥራዬ ከላሊበላ እየተነሣሁ እስከ ብልባላ ድረስ ባሉት ቀበሌዎች ከብት መከተብ ነበር። ስምንት ወር ያህል በእግሬና በተከራየሁት በቅሎ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ በጋሸና በኩል ከወልድያ በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ ተጠቅልላ፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መሃል ተጋድማ ቀይ ሞተር ሳይክል መጣችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች ድሬአለሁ። እንደዚያች ሞተር ያስደሰተኝ ዕቃ ግን የለም። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እሷን እወለውላለሁ። ከቅዳሴ የሚመለሱት ቀሳውስት ቆም ብለው ያዩኛል። አንዱ «የሙሽራ በቅሎም እንዲህ አትታሽ» ብለው ሲስቁብኝ ዛሬም ይሰማኛል።

ሞተሯን ያስረከበኝ ኃላፊዬ ወልድያ ተቀማጭ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ሳቅ ግን አያውቅም። ሦስት ቦታ ካስፈረመኝ በኋላ «ይህች የሰፊው ሕዝብ ንብረት ናት» አለኝ። እንዲህ ሲባል ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያን ዘመን የመንግሥት ዕቃ ሲበላሽ «አደጋ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሰው ነበር፤ «አሻጥር ነው» የሚለውም ነበር። የትኛው እንደሚገጥምህ አስቀድሞ አይታወቅም። አብሮኝ የሠለጠነ አንድ ልጅ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎበት ሁለት ወር ታስሯል ሲባል ሰምቻለሁ።

የወደቅኩት በጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። ብልባላ አካባቢ ስከትብ ውዬ ቁልቁለቱን እየወረድኩ፣ ልቤ ሞልቶ፣ ከሚገባው በላይ እየፈጠንኩ ነበር። በቁልቋል አጥር የተጋረደውን መታጠፊያ ስዞር አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው በበቅሎ ሲመጡ ከፊቴ ድቅን አሉ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ። በቅሎዋ ቄሱን ቁጥቋጦው ላይ ጥላ ፈረጠጠች። እኔ ከሞተሯ ተለይቼ አፈሩ ላይ ተንሸራተትኩ፤ እሷ በጎኗ ሄዳ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ተጋጨች።

«ልጄ፣ ነፍስህ አለች?» አሉኝ ቄሱ፣ ከቁጥቋጦው እየወጡ፣ ጋቢያቸውን እያራገፉ።

«አለች አባቴ። ይቅር ይበሉኝ፣ አላየሁዎትም።»

«እኔ ደህና ነኝ። ጃንጥላዬም ደህና ናት። ያንተዋ ግን ተጎድታለች መሰለኝ።»

አንሥቼ አቆምኳት። መሪው ቀና፣ ጎማው ደህና፣ መብራቱ አልተሰበረም። ነዳጅ የሚይዘው ሰልባትዮ ግን በግራ ጎኑ ሰርጉዷል። ትልቅ ጭልፋ ልክ የሚገባበት ስርጉድ። አልተቀደደም፣ ቤንዚኑም አይፈስስም። ነገር ግን ከሩቅ ይታያል፤ ኃላፊዬ ደግሞ ለቁጥጥር የሚመጣው ሐሙስ ነው። ጉልበቴ እየደማ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ቄሱ እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ። አይተውኝ ኖሯል።

«ወንዙን ተሻግረህ፣ ዳገቱ ሥር አንድ ባለ እጅ አሉ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የአገሩን ማረሻ ሁሉ የሚቀጠቅጡት እሳቸው ናቸው። ብረት ይታዘዝላቸዋል። ነገ ማልደህ ሂድ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ሥራህን አሠርተህ ቶሎ ውጣ። ከቤታቸው እህል አትቅመስ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ደሴ ያደግኩት ልጅ ይህን ከእናቴ ተምሬዋለሁ። ከብረት ቀጥቃጮች ሰፈር ስናልፍ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥልብኝ ነበር፤ «ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» እያለች። በኋላ ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ከንቱ እምነት መሆኑን ተማርኩ። ካድሬዎቹም ባለ እጅን መስደብ ወንጀል መሆኑን በየስብሰባው ይነግሩናል። እኔም አጨበጭብ ነበር። ትምህርቱ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ የእናቴ ነገር ሆዴ ውስጥ።

ማክሰኞ ጠዋት ደረስኩ። ሰውየው ረጅም፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። ከዳስ ሥር ከፍየል ቆዳ በተሠራ ወናፍ እሳት እያናፈሱ ነበር። ባለቤታቸው ራቅ ብለው፣ ከግራር ሥር፣ እግራቸውን ዘርግተው የሸክላ ድስት ይሠራሉ። ባልየው ሞተሯን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጌታው፣ ምን እንታዘዝ?»

ስርጉዱን አሳየኋቸው። እጃቸውን ከቆዳ ሽርጣቸው ላይ ጠርገው፣ በጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱት። ሥጋ እንደሚዳስስ ሰው ነበር የነኩት።

«ስስ ነው» አሉ። «ማረሻ እንዲህ አይሳሳም። በእሳት ባለሰልሰው…»

«እሳት አይሆንም አባቴ! ውስጡ ቤንዚን ነው። ባዶውን እንኳ ሽታው እሳት ካየ ሁላችንንም ይዞን ይሄዳል።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እሳቱ እዚያ፣ እሱ እዚህ» ብለው ግራሩን አሳዩኝ።

ቤንዚኑን በጄሪካን ቀዳሁት። ሰልባትዮውን ፈትቼ ወንዝ ወረድኩና ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ በእንዶድ አጠብኩት። ስመለስ ሰውየው ከወይራ የተጠረበ የእንጨት መዶሻ ይዘው ጠበቁኝ። ከግራሩ ሥር ተቀመጥንና የስርጉዱን ዳር ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። ጠርዙ ሲነካ መሃሉ ይነሣል ብለው ነበር። አልተነሣም። እንዲያውም ከጎኑ ሌላ ትንሽ ስርጉድ ወጣ። እኔ እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

ያን ጊዜ ሴትየዋ፣ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሡ፣ «ከውስጥ ሳይዙት ከውጭ አይምቱት» አሉ።

«ይሄ ጭቃ አይደለም፣ አንቺ!» አሏቸው ባልየው።

«ሆድ ያለው ዕቃ ሁሉ አንድ ነው። እኔ ድስቱን ስመታ አንድ እጄ ውስጥ ነው። ካለዚያ ይጎብጥብኛል።»

«እጅ በዚች አፍ ይገባል?»

«እጅ አይገባም። እርስዎ ግን እጅ መሥራት አያቅትዎትም።»

ባልየው መዶሻውን መሬት አኖሩ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ዳሱ ሄዱና ከውዳቂ ብረታቸው መሃል አንድ ዘንግ መርጠው ፍም ውስጥ ከተቱ። ዘንጉን እንደ ማጭድ አጎበጡት፤ ጫፉን ደግሞ የርግብ እንቁላል እስኪመስል ድረስ አድቦለቦሉት። ሁለት ጊዜ እያመጡ በሰልባትዮው አፍ ለኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ እሳቱ መለሱት።

እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ሴትየዋ እጃቸውን ታጥበው ወደ ቤት ገቡና በትንሽ ሰፌድ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ይዘው ወጡ። ገና ይጨሳል። ከፊቴ አስቀመጡት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ሆኖም አፌ ከእኔ ፈጥኖ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የጽጌን ጾም ይዣለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም» አለ።

የጽጌን ጾም በፈቃዱ የሚይዘው መነኩሴና ጸሎተኛ ነው። እኔ ዓርብና ረቡዕን እንኳ በቅጡ የማልጾም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ሴትየዋ ፊቴን ለአፍታ አዩኝ።

«ጽጌን? በዚህ ዕድሜ? ደግ ነው፣ እግዜር ይቀበልዎት» አሉና ሰፌዱን አንሥተው ከባላቸው አጠገብ አኖሩት። ባልየው ቀና ብለው አላዩኝም። ወናፉን መጫን ቀጠሉ። ያወቁት ነገር ነበር። ምን ያህል ሰው፣ ስንት ዓይነት ሰበብ ደርድሮላቸው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያቺን ደቂቃ ሳስብ ጆሮዬ ይግላል።

ዘንጉ ሲያልቅ ጫፉን በፍየል ቆዳ ጠቀለሉት። ለመያዝ የተቀመጡት ግን እሳቸው አልነበሩም። ዘንጉን ለባለቤታቸው ሰጡ። ሴትየዋ ሰልባትዮውን እንደ ገንቦ በጉልበታቸው መሃል ያዙት፣ ዘንጉን በአፉ አስገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከውስጥ የዘንጉ ጫፍ ብረቱን እየዳበሰ ሲሄድ ይሰማል።

«እዚህ» አሉ። ባልየው በወይራው መዶሻ ዳሩን ነካ አደረጉ።

«ትንሽ ወደ እርስዎ። ሌላ። ቀስ።»

ሴትየዋ ከውስጥ ይገፋሉ፣ ባልየው ከውጭ ጠርዙን ይመታሉ። ብዙ አይነጋገሩም። አንዳንዴ ሴትየዋ «ህም» ሲሉ ባልየው መዶሻውን አየር ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። እኔ ተንበርክኬ ሰልባትዮው እንዳይንሸራተት ደግፌ ይዣለሁ። የሴትየዋ ክንድ ሲወጠር፣ በእጃቸው ላይ የደረቀው ጭቃ ሲሰነጠቅና ሲረግፍ ከአንድ ክንድ ርቀት አየዋለሁ። ስርጉዱ መጀመሪያ ጭልፋ ያህል ነበር፤ ቀጥሎ እንደ መዳፍ፣ ቀጥሎ እንደ ማንኪያ። በመጨረሻ ሴትየዋ በሙሉ ጉልበታቸው ሲገፉት «ጧ!» ብሎ ወጣ። ሦስታችንም ደነገጥን። ባልየው በእጃቸው ጀርባ አንኳኩት፤ ባዶ ገንቦ የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠ።

«ወለደች!» አሉ ሴትየዋ፣ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ።

ሰዓቱ ከስድስት ብዙም አላለፈም። ንፍሮው ሰፌዱ ላይ ቀዝቅዟል። ሆዴ ውስጥ ያለውን የእናቴን ነገር በአንድ ጊዜ ነቅዬ ጣልኩት ብል እዋሻለሁ። እየፈራሁ ነው እጄን የዘረጋሁት። «እናቴ፣ ከዚያ ንፍሮ ትንሽ ቢሰጡኝ» አልኩ።

ሴትየዋ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እንዴ?»

ባልየው ያን ጊዜ ነው የሳቁት። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ከኀፍረቴ ጋር ሳቅኩ። ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ብላ እንጂ ልጄ፣ ብላ» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ «ጌታው» ሲሉኝ የነበሩት ሰው «አንተ» ያሉኝ በዚያች ሰዓት ነው። ሴትየዋ ጨውና ሚጥሚጣ አመጡልን፤ ከአንድ ሰፌድ በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ንፍሮ የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል። ቀዝቅዞ ነበር፣ ባቄላውም ጠጣር ነበር። ግን ጠግቤ ተነሣሁ።

የቀረው ቀለሙ ነበር። ስርጉዱ የነበረበት ቦታ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ላሊበላ ተመልሼ የቀበሌውን ጸሐፊ መፈክር ከሚጽፉበት ቀይ ቀለም ጥቂት ለመንኩት። በዶሮ ላባ ቀባሁት። የመፈክሩ ቀይ ከሞተሯ ቀይ ጠቆር ያለ ነበር፤ ደግሞም ቶሎ አይደርቅም።

ሐሙስ ኃላፊዬ መጣ። ሞተሯን ሁለት ጊዜ ዞራት። በግራዋ በኩል ቆመና ጣቱን ሰልባትዮው ላይ አሳረፈ። ሲያነሣው ጣቱ ቀይ ሆኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ለውሸት ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። መታጠፊያውን፣ በቅሎዋን፣ ባልና ሚስቱን፣ ሁሉንም ነገርኩት። መሐረቡን አውጥቶ ጣቱን ቀስ ብሎ ይጠርግ ነበር።

«ተጎድተሃል?»

«ጉልበቴ ትንሽ ተልጧል።»

«ለምን ወዲያው አላሳወቅከኝም?»

«ፈራሁ።»

ዞር ዞር ብሎ አየ። በአቅራቢያችን ሰው የለም። «ብትነግረኝ ኖሮ ለበላይ ማሳወቅ ግዴታዬ ነበር» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «እነሱም ለበላያቸው ያሳውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመዋል? እንኳን አልነገርከኝ።» ሞተሯን አስነሥቶ ድምፅዋን አዳመጠና ማስታወሻው ላይ «ንብረቱ በደህና ሁኔታ ይገኛል» ብሎ ጻፈ። ከዚያን ቀን በኋላም ሲስቅ አላየሁትም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ክፉ ሰው አይቼው አላውቅም።

ወሬ ላስታ ውስጥ ከሞተር ይፈጥናል። ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ከባለ እጆች ቤት መብላቴን ሰምተው የምጠጣበትን ጣሳ ከቤተሰቡ ጣሳ ለይተው አስቀመጡ። ምንም አላሉኝም፤ ለዩት ብቻ። ያን ጊዜ ነው በትንሹ እነዚያ ባልና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ነገር የገባኝ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ብልባላ በወረድኩ ቁጥር ግራሩ ሥር አቆማለሁ። ላማቸውን ከተብኩ፤ ጥጃዋ አልወጣም ብሎ ሲያስቸግራት አዋለድኩላቸው። ሴትየዋ ሞተሯን በመጣሁ ቁጥር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጧታል። ባልየው ከሌላ ሰፈር ለሚመጣ ገበሬ ሁሉ ዶቅዶቄ እንዳከሙ ይነግሩታል፤ ባለቤታቸውን ሳይጠቅሱ ካለፉ ከግራሩ ሥር ማሳል ይሰማል።

ክፉው ድርቅ ከመግባቱ በፊት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወርኩ። ሞተሯን ለተተኪዬ አስረከብኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ሊለወጥ ሲል፣ ለሥራ በዚያ አቅጣጫ ስሄድ መኪናውን አስቁሜ ወንዙን ተሻገርኩ። ዳሱ የለም። ቤቱ ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ከማዶ የሚያርስ አንድ ሰው ጠራሁና ጠየቅሁት። በድርቁ ጊዜ ወደ ቆላ ወርደዋል የሚል እንዳለ፣ ሰፈራ ተወስደዋል የሚልም እንዳለ፣ እርግጡን ግን እንደማያውቅ ነገረኝ።

«በሕይወት ያሉ ይመስልሃል?» አልኩት።

ሞፈሩን ደገፍ ብሎ አሰበ። «ማረሻ የሌለበት አገር የለም» አለኝ። «ድስት የሌለበትም አገር የለም። የትም ቢሄዱ የሚፈልጋቸው አያጡም።»

በሬዎቹን ነድቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ግራሩ ሥር ጥቂት ተቀምጬ ወደ መኪናው ወረድኩ።