ጀልባዋ ላይ የነበረችው ልጅ

የጋለ አሮጌ ቴሌቪዥን የአቧራ ሽታ ከዝናብ ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ዛሬም ሳልወድ ወደ ናይሮቢው ፓርክላንድስ ሰፈር ይመልሰኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ እናቴ «ተምራ ሰው ትሁን» ብላ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ እህቷ እታለም ዘንድ ልካኝ ነበር። የእታለም ባል እርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ልጃቸው ሩት እኩያዬ ነበረች።

በረጅሙ ዝናብ ወራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ይታይ ነበር። ጎርፍ ቤታቸውን የወሰደባቸው አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በጀልባ ሲንሳፈፉ፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ያገኟትን ልጅ አብረው ይጭኗታል። ሩት ሶፋው ላይ ተጋድማ ስታይ፣ እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ አንገቴን አስግጌ አይ ነበር። ምግቡ ባለቀ፣ ጀልባዋ በከበደች ቁጥር ቤተሰቡ ዞር ብሎ ልጅቷን ሲያያት፣ ይጥሏት ይሆን ብዬ መላጤን አቆም ነበር።

ሐምሌ ገብቶ ናይሮቢ ስትበርድ፣ ባልየው ወደ ጄኔቭ ሊዛወር ነው ተብሎ መወራት ጀመረ። ስለ እኔ ማንም አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ፊልሙ በሚያልቅበት ቅዳሜ በየቤቱ የሚዞረው የእታለም ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ወንድሞችና እህቶች ሲመጡ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሌለን እስኪመስል ድረስ፣ በነጭ ዳንቴል ይሸፈን ነበር። ሩት ፊልሙን ልታይ ሹልክ ብላ ህንዶቹ ጎረቤቶቻችን ጋ ሄደች። እኔ ሻይ ሳቀርብ እታለም ለምስክርነት ተነሥታ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «ጌታ ሁለተኛ ልጅ ሰጥቶኛል፤ ከሩት ለይቼ አላያትም» አለች። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አመንኳት።

ሩት ስትመለስ ወጥ ቤት አስገብቼ ጠየቅኳት።

«ልጅቷንስ? እነሱ ጋ አስቀሯት?»

«ኖ፣ ዘመዶቿ ተገኙ፣ ሰጧቸው።»

«አላለቀሱም?»

«ለምን ያለቅሳሉ? የነሱ ልጅ መች ሆነችና» ብላ ብስኩት አንስታ ወጣች።

የኅዳሩ ዝናብ ሳይጀምር ሦስቱ በረሩ። እኔን፣ ወረቀትሽ ሲያልቅ እንወስድሻለን ብለው፣ ካሳራኒ የሚባል ሌላ የናይሮቢ ሰፈር ከምትኖር የቤተ ክርስቲያን እህት ዘንድ አስቀመጡኝ። ዝናቡ ሲመጣ ሲሄድ ጠበቅኩ። ወረቀቱ ጭራሽ እንዳልተጀመረ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ዛሬ እታለም የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው፤ ባሏ ሞቶ፣ ሩትም ቤቴ ጠባብ ነው ስላለች፣ አንዱን ክፍል ሰጥቻታለሁ። ምግቧም መድኃኒቷም አይጓደልም፤ ይህን የምጽፈው እንድመሰገን አይደለም። እንግዳ መጥቶ «እናትሽ ናቸው?» ሲለኝ ግን ቶሎ አልመልስም። ያኔ እንግዳ ፊት ምን ብላ እንደምትጠራኝ ለመስማት ከወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን የምጥለው እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሷ ስኒዋን አፏ ጋ አድርሳ ትጠብቃለች።

«አክስቴ ናቸው» እላለሁ፤ ስኒዋን ሳትጠጣ መልሳ ታስቀምጣለች።