አሥር ማጭድ በጓሳ

የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ ለሣር አጨዳ በተከፈተ ቀን የገጠመኝ ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቀድሞ የሚገባ የለም። ያን ክረምት የሣር ጣሪያዬ እያፈሰሰ ልጆቼ እርጥብ መደብ ላይ ሲያድሩ ከርመው ነበርና፣ ገና ሲፈቀድ ብቻዬን አጨዳዬን ተያያዝኩት።

ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የሕዝብ እንደራሴ መሆናቸውን ነገሩኝና፣ "በምክር ቤት የግብር ሕግ ልናወጣ ነው። ሁሉም እኩል ይክፈል የሚሉ አሉ፤ ለእኔም ፍትሕ ይመስለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ! "ጌታዬ፣ ያውልዎት፣ ከማዶ አንድ ስግብግብ አሥር አጫጅ አሰልፏል። የእኔ ማጭድ አንድ ነው። የገባነው እኩል ነው፤ ማታ የምንሸከመው ግን እኩል ነው? ግብሩም እንደ ሸክሙ ይሁን!" አልኳቸው።

እሳቸውም ወደ ማዶ ተጣሩ፤ አሥሩም አጫጆች እየሮጡ መጡ። ለካ የእሳቸው ኖረዋል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለዚህ ሰው እጨዱለት" አሏቸው።

እግዜር ይስጣቸው፣ ቤቴ ከዚያ ወዲያ አፍስሶ አያውቅም። ሲሰናበቱኝ ታዲያ፣ "ምክር ቤት ስገባ ያልከውን አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ፤ ስግብግብ ያልከኝን ብቻ እተወዋለሁ" አሉኝ።