ሌባውን የሸሸገው የኔው አጥር

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ የልብስ ስፌት ቤቴን በር ተገንጥሎ አገኘሁት።

ደንበኞቼ እንድሰፋላቸው የሰጡኝ አቡጀዲ የለም። የስፌት መኪናዬን ግን ሌባው እስከ ደጃፉ ጎትቶ፣ ከብዳው ጥሏት ሄዷል። እንጀራዬ እሷ ናት፤ ተመልሶ እንደሚመጣባት አልጠራጠርም።

እሑድ ጠዋት የኛ የጎረቤላ ሰፈር ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤቱ የሚውለው ከአሊዩ አምባ ጨው በበቅሎ የሚያመላልሰው ጎረቤቴ ሰይድ ብቻ ነው።

«ኳኳታ አልሰማህም እንዴ?» አልኩት በንዴት።

«ሰማሁ እንጂ ጋሼ! እርስዎ የተመለሱ መሰለኝ። እንዳላይ አምና በእሾህ አጠሩብኝ!»

አፈርኩ። ባለቤቴ ስትሞት ሰው አስጠልቶኝ ያጠርኩት አጥር ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለሌባው መሸሸጊያ ሠራሁለት። (እጄን አድምቼ!)

ዘበኛ የምቀጥርበት አቅም የለኝም። አጥሩ ግን ዛሬውኑ ይቆረጥ አልኩ።

«ሰንበትዎን ያክብሩ፣ መጥረቢያውን ለኔ ይስጡኝ» አለና ሰይድ እስከ ወገብ ቆረጠው። የተገነጠለውን በር መልሶ ገጠመልኝ፤ በተቆረጠው እሾህም የጓሮውን መስኮት ደፈነልኝ።

ከእንግዲህ እሑድ እሱ የኔን ደጅ ይጠብቃል፤ አርብ መስጊድ ሲሄድ እኔ የሱን።

እናንተስ ብዙ ሳታወጡ ቤታችሁን በምን ትጠብቃላችሁ? ደጃችሁ ለጎረቤት ይታያል?